በእትዬ አስካለ ቤት ያገኘሁት ክፍል

ይህን ነገር ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ለባለቤቴ አልነገርኳትም። ለንስሐ አባቴ ልነግራቸው ሦስት ጊዜ ሄጄ ሦስቱንም ጊዜ ሌላ ኃጢአት ተናዝዤ ተመልሻለሁ፤ እንዲያውም አንዱን ጊዜ የምናዘዘው ጠፍቶኝ በጾም ወተት ጠጣሁ ብዬ ዋሸሁና ላልጠጣሁት ወተት ሰባት ቀን ስሰግድ ሰነበትኩ። አሁን ግን ዕድሜዬም ገፍቷል፣ እናንተም አታውቁኝም፤ ልናገረው። እኔ ሰው ቤት ውስጥ አንድ ክፍል ሠርቻለሁ። ያለ ጭቃ፣ ያለ ማገር፣ ያለ ምስማር፣ በእስክሪብቶ ብቻ ነው የሠራሁት። ከዚያ ክፍሉን በዓይኔ አይቼዋለሁ ብዬ መሰከርኩ። ከዚያ በኋላ ያደረግኩት ደግሞ ከሁለቱም ይብሳል። እሱን ለመናገር አቅም እስካገኝ ድረስ ከመጀመሪያው ልጀምር።

ዘመኑ የደርግ ዘመን ነው። የዩኒቨርሲቲ የመጨረሻ ዓመት ተማሪ ነበርኩ፣ የማጠናውም ስለ ሕንጻና ስለ ቤት አስተዳደር ነበር። በዚያ ዓመት ከላይ መመሪያ ወረደ። የመመረቂያ ጥናት ከእንግዲህ መደርደሪያ ላይ አቧራ የሚለብስ መሆኑ ቀርቶ የሰፊውን ሕዝብ የቤት ችግር በተግባር የሚፈታ ይሁን ተባለ። ለእያንዳንዳችን አንዳንድ ቀበሌ ታደለን። ለእኔ የደረሰኝ ከየካ ሚካኤል በላይ ወደ እንጦጦ ሽቅብ የሚወጣው ሰፈር ነበር፤ ከታች ሲያዩት ቤቶቹ አንዱ በሌላው ትከሻ ላይ የቆሙ ይመስላሉ። አማካሪዬ መነጽራቸው ከአፍንጫቸው ጫፍ የማይነሳ ጥንቁቅ ሰው ነበሩ፤ አንድ ምክር ብቻ ሰጡኝ። ያልገባህበትን ቤት አትጻፍ አሉኝ። እሺ አልኩ። እሺ ማለት መቼ ይከብዳል?

የቀበሌው ችግር ግልጽ ነበር። ትርፍ ቤቶች ከተወረሱ ወዲህ ቤት የሌለው ሰው ለቀበሌው የቤት ኮሚቴ አመልክቶ ተራ ይጠብቃል። ባዶ ቤት ከጠፋ፣ ሁልጊዜም ይጠፋል፣ ሰፋ ያለ ቤት ካለው ተከራይ ጋር ደባል ሆኖ ይገባል። ደባል ምን እንደሆነ ለማያውቅ ወጣት ላስረዳ፤ ያልወለዱት፣ ያላገቡት፣ ያልጠሩት ሰው አልጋውን ተሸክሞ፣ ማኅተም ያለበት ደብዳቤ ይዞ ቤትዎ ሲገባ ደባል ይባላል። ታዲያ ማን ቤት ውስጥ ስንት ትርፍ ክፍል እንዳለ በትክክል የሚያውቅ አልነበረም። ይህንን ሊፈታ የተነሳው የእኔ ጥናት ነው። ቅጽ አዘጋጀሁ። የክፍሉን ብዛት፣ የነዋሪውን ብዛትና የግድግዳውን ሁኔታ እሞላለሁ፤ ከዚያ በራሴ ቀመር አሰላና ይህ ቤት ይህን ያህል ትርፍ ክፍል አለው እላለሁ። የጥናቱ ርእስ ብቻ አራት መስመር ነበር፤ «ሳይንሳዊ» የሚለው ቃል ሦስት ጊዜ ገብቶበታል።

የቤት ኮሚቴው ሊቀመንበር ጓድ ዘለቀ ይባላል። ከአብዮቱ በፊት ልብስ ሰፊ ነበር፤ የልብስ መለኪያ ሜትሩን ያን ጊዜም ከአንገቱ አያወርደውም። ክፉ ሰው አልነበረም። አንድ ድክመት ብቻ ነበረበት፤ በታይፕ የተጻፈን ነገር ሁሉ ያምናል። በእጅ የተጻፈ ማመልከቻ ሲመጣለት ይከራከራል፣ ይመረምራል፣ አመልካቹን ያመላልሳል። በታይፕ የተጻፈ ሲመጣለት ግን ድምፁ ራሱ ዝቅ ይላል። ይህንን ጠባዩን በመጀመሪያው ቀን አውቄበታለሁ፣ ደስም ብሎኛል።

ሥራው እንዳሰብኩት አልቀለለኝም። የመጀመሪያው ችግር ምግብ ነው። የዚያ ሰፈር ሰው ቤቱ የገባን እንግዳ ሳያቀምስ አይሸኝም፤ ያውም ተማሪ፣ ያውም እንደ እኔ ጉንጩ የጎደጎደ ተማሪ። የአንዱን ቤት ግድግዳ ለክቼ ሳልጨርስ ገበታ ይቀርባል። ጎረቤት በላሁ ብል፣ እነሱ ቤት መብላትም መብላት ሆኖ ነው ይሉኛል። አልበላም ማለት ደግሞ ንቀት ነው። ጠዋት የጀመርኩ እንደሆነ እኩለ ቀን ላይ አራት ቤት ለክቼ አራት ጊዜ ቁርስ በልቼ እገኛለሁ። በሁለተኛው ሳምንት ሱሪዬ አልዘጋ ብሎኝ ጓድ ዘለቀ ጎኑን ተርትሮ አሰፋልኝ። ለጥናቱ ያደረገው ትልቁ አስተዋጽኦ እሱ ነው።

ሁለተኛው ችግር የሰዉ ብልጠት ነው። ቅጽ የያዘ ሰው መጣ ከተባለ ክፍል ይጠፋል፣ ቤተሰብ ይበዛል። አንዱ ቤት ጓዳውን ከፍቼ ስገባ አልጋ ላይ በግ ቆሞ አገኘሁ፤ ባለቤቱ ዓይናቸውን በጨው አጥበው፣ ይኼ እኮ ክፍል ሳይሆን ጋጣ ነው አሉኝ። ብቻቸውን እንደሚኖሩ የተነገረኝ ሽማግሌ ስድስት ልጆች አሰልፈው ጠበቁኝ። አረንጓዴ ሹራብ የለበሰች አንዲት ልጅ በአንድ ቀን በአራት ቤት ቆጠርኳት፤ በአራተኛው ቤት ስሟን ስጠይቃት እዚህ ቤት ማን እንደሆነች ጠፍቷት እናት ተብዬዋን ዞራ አየቻት። ስለዚህ ለራሴ ሕግ አወጣሁ። ሰው ካሳየኝ ክፍል ላይ አንድ እጨምራለሁ፣ ከቆጠረልኝ ልጅ ግማሹን እቀንሳለሁ። በጥናቱ ውስጥ «ማስተካከያ» ብዬ ጠራሁት፤ አማካሪዬም ጥሩ ቃል ነው አሉ።

የመጨረሻው ቀን መጣ። የቀረኝ አንድ ቤት ብቻ ነበር፤ ከሁሉም በላይ፣ ባሕር ዛፉ ሥር ብቻውን የቆመ። ጠዋት ዘንቦ መንገዱ ሳሙና ሆኗል። እኔ ደግሞ ስድስት ቤት በልቻለሁ፣ ሁለቱ ገንፎ ነው። ቀና ብዬ ቤቱን አየሁ፣ ዝቅ ብዬ ሆዴን አየሁ። ከአቀበቱ ሥር አንድ ጠፍጣፋ ድንጋይ ነበር፤ ላፍታ ልረፍ ብዬ ተቀመጥኩ። ቁጭ ካልኩ አይቀር ቅጹን አወጣሁ። በመንገዱ የምታልፍ ሴት የማን ቤት እንደሆነ ጠየቅኳት። የእትዬ አስካለ ነው፣ ከሆስፒታል ልብስ አጣቢነት ጡረታ የወጡ ናቸው፣ ብቻቸውን ነው የሚኖሩት አለችኝና አለፈች።

ጣራውን አየሁት። ረጅም ነው። እንዲህ ያለ ጣራ ሥር መቼም ሁለት ክፍል ይኖራል ብዬ አሰብኩ። ደግሞስ ማን ነው ክፍል የማይደብቀው? የክፍል ብዛት ሁለት፣ የነዋሪ ብዛት አንድ፣ የግድግዳ ሁኔታ ደህና ብዬ ሞላሁ። እንዲያውም ሁለተኛው ክፍል ሦስት ሜትር በሁለት ሜትር ተኩል ነው ብዬ ጻፍኩ። ተኩሉን ከየት አመጣሁት? ሁለት ብቻ ብል የተገመተ ይመስላል ብዬ ነዋ። እንግዲህ ፍረዱኝ። ገብቼ ብሳሳት ኖሮ ስሕተት ነበር። እኔ ግን ሳልገባ ጻፍኩ፣ የጻፍኩት እንዲታመንልኝ ደግሞ ግማሽ ሜትር ጨመርኩ። ከዚያ ተነስቼ ሱሪዬን አራግፌ ቁልቁል ወረድኩ።

ጥናቱ የቀረበው በቀበሌው አዳራሽ ነው፣ ሕዝብ ይፍረደው ተብሎ። በታይፕ ተጽፎ፣ በቀይ ሽፋን ተጠርዞ ስሰጠው ጓድ ዘለቀ በሁለት እጁ ተቀበለኝ። በሰፈሩ ውስጥ አሥራ አንድ ትርፍ ክፍሎች መኖራቸውን አበሰርኩ። ለምሳሌ ያህል አንድ ቤት በንድፍ ማሳየት ነበረብኝ። የትኛውን የመረጥኩ ይመስላችኋል? የእትዬ አስካለን። ሌሎቹ ቤቶች በበግና በልጅ የተወሳሰቡ ስለነበሩ ጥርት ያለ መረጃ የተገኘው ካልገባሁበት ቤት ብቻ ነው። በትልቅ ወረቀት ላይ ስዬ ሰቀልኩት፤ ሁለተኛውን ክፍል በቢጫ ቀለም ቀባሁት። ቢጫው ያምር ነበር። ሕዝቡ አጨበጨበ፣ አማካሪዬም አጨበጨቡ። እትዬ አስካለ ጉልበታቸውን ስለሚያማቸው ለስብሰባ አይወርዱም፤ ስለዚህ ክፍል ማግኘታቸውን አልሰሙም። ጓድ ዘለቀም ጊዜ ሳያባክን ቢጫውን ክፍል እዚያው ለሰይድ መራው።

ሰይድ የደሴ ልጅ ነው፤ የመንግሥት እህል ጫኝ መኪና ሾፌር። ቤት እስኪደርሰው ሁለት ዓመት ተራ ጠብቋል፣ ያን ሁሉ ጊዜ የሚያድረው በመኪናው ጋቢና ውስጥ እግሩን አጥፎ ነው። ደብዳቤው በወጣ በማግስቱ የብረት አልጋውን በጀርባው ተሸክሞ አቀበቱን ወጣ። በኋላ እንደነገረኝ፣ ደብዳቤውን ካነበበላቸው በኋላ እትዬ አስካለ ወንበር ሰጥተው ውኃ አጠጡት፤ ከዚያ ክፍሉን ካገኘኸው ውሰደው አሉት። ሰይድ ፈለገ። ከውስጥ አጣው። ወጥቶ ቤቱን ሁለት ጊዜ ዞረው። በሌላ በኩል በር ይኖር ይሆን ብሎ ግድግዳውን በመዳፉ እየመታ አዳመጠ። በመጨረሻ አልጋውን ደጅ ላይ ትቶ ወደ ቀበሌ ወረደ።

«ወላሂ ጓድ፣ ክፍሉ የለም» አለው ለጓድ ዘለቀ።

«አለ» አለ ጓድ ዘለቀ፣ ቀዩን ጥራዝ ገልጦ። «ሦስት በሁለት ተኩል ነው። ሂድና ደህና አድርገህ ፈልግ።»

ሰይድ ተመልሶ ወጣ፣ ደህና አድርጎም ፈለገ። ሳያገኝ ሲቀር ጓድ ዘለቀ ራሱ ኮሚቴውን አስከትሎ ሄደ። ቤቱን በልብስ ሜትር ለካው። ያገኘው አንድ ክፍል ነው፤ ወረቀቱ ደግሞ ሁለት ይላል። እናንተ ብትሆኑ ወረቀቱ ተሳስቷል ትላላችሁ። ጓድ ዘለቀ ግን በታይፕ የተጻፈ ነገር ይሳሳታል ብሎ ለማሰብ የሚያስችል አእምሮ አልነበረውም። ስለዚህ ክፍሉ ነበረ፣ አሁን የለም፣ እንግዲያው እትዬ አስካለ የመንግሥት ክፍል አፍርሰዋል ብሎ ደመደመ። እሳቸውም አፍርሼ የት አደርሰዋለሁ ብለው ጠየቁ። መልሱ በደብዳቤ ደረሳቸው፤ በሦስት ቀን ውስጥ ክፍሉን እንዲያቀርቡ፣ ይህ ካልሆነ ጉዳዩ ወደ ፍርድ ሸንጎ ተመርቶ ቤቱን እንዲለቁ እንደሚደረግ የሚገልጽ። በታይፕ ነው የተጻፈው።

እኔም እንደ ባለሙያ ተጠራሁ። አማካሪዬ ከጎኔ ተቀምጠዋል፣ ኮሚቴው ፊት ለፊት ነው።

«ጓድ፣ ክፍሉን በዓይንህ አይተኸዋል?» አለኝ ጓድ ዘለቀ።

እዚያ ላይ አላየሁትም ማለት ይቻል ነበር። አንድ ቃል ነው። ደጋግሜ ሞክሬዋለሁ፣ ብቻዬን ስሆን በጣም ይቀለኛል። ያን ቀን ግን በአእምሮዬ የመጣው አሻጥር የሚለው ቃል ነበር። ለአብዮቱ ሐሰተኛ ጥናት ማቅረብ አሻጥር ነው፤ አሻጥር ደግሞ ሰውን ወዴት እንደሚያስገባ ያኔ የማያውቅ አልነበረም። ይህ ሰበብ ነው? ሰበብ ነው። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ከእስሩ ይልቅ ያስፈራኝ የአማካሪዬ መነጽር ነው፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ከአፍንጫቸው ላይ አንስተው በባዶ ዓይናቸው ያዩኝ ነበር። አዎ፣ አይቼዋለሁ አልኩ። አየሁ አልኩ። ያልረገጥኩትን ወለል፣ ያልነካሁትን ግድግዳ አየሁ አልኩ። ከኮሚቴው አንዱ ቀለሙስ ምን ዓይነት ነበር አለኝ። ነጭ፣ ኖራ የተቀባ ነው አልኩ። ያንን ማን አስገደደኝ? ውሸት አንዴ ከጀመሩት ቀለም ሁሉ ይቀባሉ።

በማግስቱ ያንን አቀበት ወጣሁት። ሆዴ ባዶ ነበር። እትዬ አስካለ ግባ አሉኝ። ቤታቸው እንደ ባቡር ፉርጎ የረዘመ አንድ ክፍል ነው። ዕቃው ሁሉ በአራት ታጥፎ ተደርድሯል፤ ፎጣው፣ ነጠላው፣ ዕቃ የሚጠቀልሉባቸው አሮጌ ጋዜጦች፣ የቀበሌው ደብዳቤ ሳይቀር። በረጅሙ ግድግዳ መሐል ላይ አንድ ሰፊ መስኮት አለ፣ መስኮቱ ሥር አንድ ወንበር። ዕድሜያቸውን በሙሉ በሆስፒታል ምድር ቤት፣ ፀሐይ በማይገባበት እንፋሎት ውስጥ አንሶላ ሲያጥቡ የኖሩ ሰው ናቸው። ጡረታ ሲወጡ የተመኙት ነገር ቢኖር መስኮት ሥር መቀመጥ ነው። ከዚያ ወንበር ላይ ሆኖ የካ ሚካኤል ከነዛፎቹ፣ ከዚያም ከተማው በሙሉ ይታያል። ከአቀበቱ ሥር ያለው ድንጋይም ይታያል።

«ያን ቀን ተቀምጠህ ስትጽፍ አይቼሃለሁ» አሉኝ። «ይወጣል ብዬ ምሳ አቅርቤ ጠብቄህ ነበር።»

ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። ያዘጋጀሁት ንግግር ነበረኝ፣ ሁሉም ጠፋብኝ። ቆጣ ቢሉ ይሻለኝ ነበር፤ እሳቸው ግን እንደ ዋዛ፣ እውነቱን ብትነግራቸው ምን ያደርጉሃል ብለው ጠየቁኝ። ዲግሪዬ ይቀራል አልኩ። እታሰራለሁ አልኩ። እታሰራለሁ የሚለውን ሁለት ጊዜ አልኩት፤ በሁለተኛው ላይ ድምፄን ሆን ብዬ ሰበር አደረግኩት። ይህንንም ከኃጢአቴ ጋር ደምሩልኝ።

«እንግዲያ ክፍሉ ይኑራ» አሉ እትዬ አስካለ።

ክፍሉን በአንድ ቀን ሠራነው። ሰይድ ከመኪናው አሮጌ የእህል ጆንያ አመጣ፣ እኔ ቋሚ እንጨትና ኖራ አመጣሁ፣ እትዬ አስካለ ጋዜጦቻቸውን ሰጡን። ጆንያውን ወጠርን፣ ጋዜጣ ለጠፍንበት፣ ኖራ ቀባነው። ግድግዳው የሚቆምበትን ቦታ ስንለካ ግን ነገር ተበላሸ። ሁለት ሜትር ተኩል ሲለካ የግድግዳው መስመር መስኮቱ መሐል ላይ አረፈ። እትዬ አስካለ ወደዚያ ትንሽ ገፋ ቢል መስኮቱ ይተርፍልኝ ነበር አሉ። ሰይድም ይገፋላቸው አለ። ገፋ ካልን ሁለት ሜትር ነው የሚሆነው፣ ጥናቱ ደግሞ ሁለት ተኩል ይላል። ጓድ ዘለቀ ሜትሩን ይዞ እንደሚመጣ እናውቃለን። በዚያች ድንጋይ ላይ ተቀምጬ ለማሳመሪያ የጨመርኳት ግማሽ ሜትር የእትዬ አስካለን ግማሽ መስኮት በላች። ምስማሩን የመታሁት እኔ ነኝ፤ ሰይድ መዶሻውን ሲሰጠኝ ፊቱን አዙሮ ነበር።

ኮሚቴው በቀጠሮው ቀን መጣ። አንደኛው ጋዜጣ ላይ የድሮው ሥርዓት ሹማምንት ፎቶግራፍ በኖራው ውስጥ አሳልፎ ይታይ ነበርና ሰይድ ፍተሻው እስኪያልቅ በጀርባው ተደግፎ ቆመ፤ ሲሄዱ ሦስት ሹማምንት ጃኬቱ ላይ ተለጥፈው ቀርተዋል። ጓድ ዘለቀ ለካ። ሦስት በሁለት ተኩል። ፊቱ በራ። ከዚያ አፍንጫውን ወደ ግድግዳው አስጠግቶ በኖራው ሥር ያለውን ጽሑፍ አነበበና፣ ይኸው ጋዜጣው ራሱ ይመሰክራል፣ ግድግዳው ከአብዮቱ በፊት የተሠራ ነው አለ። ከአባላቱ አንዱ ታዲያ ባለፈው ለምን አላየነውም ብሎ ጠየቀ። ጓድ ዘለቀ ሜትሩን አንገቱ ላይ መለሰ።

«ያን ቀን ደመና ነበር» አለ።

ጥናቴ የዓመቱን ከፍተኛ ውጤት አገኘ። አማካሪዬ እጄን ጨብጠው፣ ያልገባህበትን ቤት አለመጻፍህ ያስታውቃል አሉኝ። አመሰገንኳቸው። እጃቸውን ስጨብጥ ጥፍሬ ውስጥ ገና ኖራ ነበር።

ስለ ሁለቱ ደባሎች ኑሮ የምሰማው ከሰይድ ነበር፤ ከተማ ውስጥ ስንገናኝ ሻይ ይጋብዘኛል። የሰይድ ክፍል የራሱ የውጭ በር ስላልነበረው የሚገባው በእትዬ አስካለ ክፍል አልፎ ነው፤ ከደጅ ሦስት ጊዜ ያስላል፣ ግባ ሲሉት ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ በጥድፊያ ያልፋል። መስኮቱ አንድ የእንጨት መዝጊያ ብቻ ስለነበረው ለመክፈትም ለመዝጋትም ሁለቱም መስማማት አለባቸው። አንድ ጊዜ እሱ ሲበርደው እሳቸው ሲሞቃቸው ሦስት ቀን በጆንያው ውስጥ ተደራድረው፣ በመጨረሻ ጠዋት ጠዋት ይከፈት በሚል ታርቀዋል። እሱ ለመንገድ ሲወጣ ወንበራቸውን ወደ እሱ ግማሽ ወስደው ሙሉ መስኮት እንዲያዩ ለምኗቸዋል፤ እሳቸው ግን ሰው ክፍል ውስጥ ባለቤቱ ሳይኖር አልገባም ብለው እምቢ አሉ። ሰው ክፍል ነው ያሉት። ይህን ሲነግረኝ ሳቅሁ፣ እሱም ሳቀ። ሰይድ ጥሩ ሰው በመሆኑ ጥፋቴ የሚቀንስ መስሎኝ ራሴን ስደልል ከርሜያለሁ። የሰይድ ጥሩነት የሰይድ ነው፣ እኔ ምን አገባኝ?

አሁን ወደ ሦስተኛው ደረስኩ። ባልደርስ ደስ ይለኝ ነበር።

በዚያ ውጤት ጥሩ መሥሪያ ቤት ተቀጠርኩ። የቤት አቤቱታዎችን መርምሬ ውሳኔ የምጽፍበት ጠረጴዛ ተሰጠኝ፤ ቀዩ ጥናቴ ከአለቃዬ ጀርባ መደርደሪያ ላይ ለናሙና ቆሟል። አራት ዓመት አለፈ። ሰይድ አግብቶ ሌላ ሰፈር ቤት አገኘና ከየካ ለቀቀ። አንድ ጠዋት ከፋይሎቹ መሐል በእጅ የተጻፈ ማመልከቻ አገኘሁ። ደባሌ አቶ ሰይድ በሰላም ስለለቀቁ፣ በቤቴ ውስጥ የተወጠረው ጆንያ ተነስቶ ቤቴ እንደ ቀድሞው አንድ ክፍል ተብሎ ይመዝገብልኝ፣ ዕድሜዬም ስለገፋ መስኮቴ ሙሉው ይመለስልኝ ይላል። ከሥሩ የእትዬ አስካለ ስምና የጣት አሻራ አለ። ጆንያውን ማን እንደወጠረው አልተጻፈም። የእኔ ስም የትም የለም። ያን ሁሉ ዓመት ኖረውበት፣ ቸግሯቸው እንኳ ስሜን አላነሱም።

ተጣርቶ ይስተካከል ብዬ ብጽፍ ያልቅ ነበር። ሁለት ቃል ነው። ግን ይጣራ ከተባለ አጣሪ ይሄዳል፣ አጣሪ ከሄደ ጆንያውን በጣቱ ይነካል፣ ከዚያ ይህን ቤት ያጠናው ማነው ይባላል። በዚያ ወር ደግሞ የደረጃ እድገት እጠብቅ ነበር። አሁን የሚያስረኝ አልነበረም። አማካሪዬም ከፊቴ አልተቀመጡም። ልጅም አልነበርኩም። ብዕሬን አነሳሁና፣ የክፍሉ መኖር በጥናት የተረጋገጠ ስለሆነ ጥያቄው ተቀባይነት የለውም ብዬ ጻፍኩ። የማን ጥናት? የእኔ። ማን አረጋገጠው? እኔ። ፈረምኩበትና ለታይፒስቷ ሰጠኋት፤ በታይፕ ተጽፎ እንዲደርሳቸው።

እድገቱን አገኘሁ። በዚያኛው ክፍል አራት ልጆች ያሉት ቤተሰብ ገባ። ቦታ ሲጠባቸው ቁም ሣጥናቸውን በእነሱ በኩል ባለው የመስኮቱ ግማሽ ላይ ገተሩት፤ መዝጊያው አንድ፣ መቀርቀሪያውም በእነሱ በኩል ስለሆነ ከዚያ ወዲያ የእትዬ አስካለም ግማሽ አልተከፈተም።

ይህንን የነገረኝ ሰይድ ነው። ላምበረት አካባቢ መኪናውን ሲያሠራ አገኘሁትና እንደ ወትሮው ሻይ ጋበዘኝ፤ እኔ ግን ብርጭቆዬን አላነሳሁም። በየበዓሉ እየሄደ ይጠይቃቸው ነበር፤ የመሥሪያ ቤቱ ደብዳቤ የደረሳቸው ቀንም እዚያው ነበረ፣ ያነበበላቸውም እሱ ነው። ውሳኔውን አነበበላቸው። ከዚያ ማን ፈረመበት ብለው ጠየቁት። ስሜን ነገራቸው።

እርግማናቸውን ለመስማት ተዘጋጀሁ። የሚገባኝን ስለማውቅ የትኛውንም ቢሉ ልቀበል ቆርጬ ነበር።

«ምን አሉ?» አልኩት።

«እሰይ፣ ልጁ ሥራ ይዟል ማለት ነው አሉ» አለኝ። «ደስ አላቸው።»

ሰይድ ሂድና ጠይቃቸው፣ እስካሁን የእኔ ተማሪ እያሉ ነው የሚያነሱህ አለኝ። እሑድ እሄዳለሁ አልኩት። እሑድ መጣ፣ ሥራ በዛብኝ አልኩ። በሚቀጥለው እሑድ ዘነበ። ከዚያ የትኛው እሑድ እንደሆነ አላስታውስም፣ ሰይድ ማረፋቸውን ነገረኝ።

ይቅርታ አድርጉልኝ አልላችሁም። ይቅር ሊሉኝ የሚችሉት አንድ ሰው ነበሩ፤ እሳቸውም ብጠይቃቸው ገና አፌን ሳልከፍት ይቅር ይሉኝ ነበር። ያንን አውቅ ነበር። አውቄም አቀበቱን አልወጣሁም።